ወላጅን ከመጥራት ቤቱን ወደ ማወቅ፦ የቤትና የትምህርት ቤት አጋርነት በልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ ከየካ አባዶ አንጻር

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ በልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የቤትና የትምህርት ቤት አጋርነት ምን መልክ ሊኖረው እንደሚገባ ይመረምራል። ለትንተናው አብነት የተደረገው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ የሚገኘው የየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ መንደር ነው። የምርመራው ዘዴ የፖሊሲ ሰነዶችን፣ የሴቶች ትምህርት ታሪክንና በመስኩ የታወቁ ጽንሰ ሐሳቦችን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። ጽሑፉ ሁለት ነጥቦችን ያነሣል። የመጀመሪያው፣ በሥራ ላይ ያሉት የወላጅ ተሳትፎ አደረጃጀቶች አስቀድሞ የተሳሰረ ማኅበረሰብ እንዳለ ታሳቢ የሚያደርጉ መሆናቸው ሲሆን፣ በዕጣ የተሰባሰበ አዲስ መንደር ግን ይህን ታሳቢ አያሟላም። ሁለተኛው፣ የልጃገረዶች ትምህርት የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ ከክፍል ውጭ፣ ይኸውም በቤት ውስጥ ሰዓት፣ በመመላለሻ መንገድና ልጅቱ ችግሯን የምትናገርበት ስፍራ በማጣቷ መሆኑ ነው። ስለዚህ የአጋርነት መለኪያ በስብሰባ የተገኘው ወላጅ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ፣ ቤትና ትምህርት ቤት ስለ ልጅቱ ውሎ የሚለዋወጡት ዕውቀት እንዲሆን ጽሑፉ ይሟገታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የልጃገረዶች ትምህርት፣ የወላጅ ተሳትፎ፣ ወተመህ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ዕድር፣ የካ አባዶ

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች «ወላጅ ይዘሽ ነይ» የሚለው ትእዛዝ ለትውልዶች የቆየ ነው። ተማሪዋ ስታረፍድ፣ ስትቀር ወይም የሥነ ሥርዓት ጉድለት ሲገኝባት የምትሰማው ቃል ነው። ትእዛዙ በውስጡ አንድ ትርጉም ይዟል፤ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው ጥፋት ሲኖር ነው። ወላጅም በበኩሉ ጥሪው ሲደርሰው አስቀድሞ የሚያስበው «ምን አጠፋች?» ብሎ ነው። ጥሪው ቅጣት በመሆኑ፣ ተማሪዎች ወላጅ ያልሆነን ሰው ወላጅ አስመስሎ የማቅረብ ዘዴ ፈጥረዋል። ይህ ዘዴ እንደ ቀልድ ቢወራም ለትምህርት ተመራማሪ ግን ቁም ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ከፊቱ የቆመው ሰው የልጅቱ አባት ይሁን አይሁን ለይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ከቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት ከስም ያለፈ አይደለም ማለት ነው።

የጉዳዩን ክብደት የቅርብ ዓመታት አገር አቀፍ ውጤቶች አጉልተውታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነዋል። እነዚህ ቁጥሮች ያስነሡት ክርክር በአብዛኛው በመምህራን ብቃት፣ በሥርዓተ ትምህርትና በፈተና አስተዳደር ዙሪያ የተካሄደ ነው። ተማሪው ከትምህርት ቤት ውጭ የሚያሳልፈው ሰዓት ግን የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ሆኖ የተነሣው አልፎ አልፎ ነው። ለልጃገረዶች ይህ ሰዓት ከሁሉ ይልቅ ወሳኝ ነው።

ጽሑፉ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ነዋሪዎቹ እርስ በርስ ገና በመተዋወቅ ላይ ባሉበት እንደ የካ አባዶ ባለ መንደር፣ ልጃገረዶችን የሚያስተምር የሁለተኛ ደረጃ የቀን ትምህርት ቤት ከቤት ጋር የሚኖረው አጋርነት በምን ላይ ሊመሠረት ይችላል?

2. የአጋርነት ጽንሰ ሐሳብ

በመስኩ በብዛት የሚጠቀሰው ማዕቀፍ አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ጆይስ ኤፕስታይን እ.ኤ.አ. በ1995 በስፋት ያስተዋወቁት ነው። በእርሳቸው አመለካከት ቤት፣ ትምህርት ቤትና ማኅበረሰብ በከፊል የሚደራረቡ ሦስት ክበቦች ናቸው፤ ልጁም በመደራረቢያው መካከል ይገኛል። ማዕቀፉ ተሳትፎን በስድስት ይከፍላል፤ እነርሱም የወላጅነት ድጋፍ፣ መረጃ መለዋወጥ፣ በጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ በቤት ውስጥ መማር፣ በውሳኔ መሳተፍና ከማኅበረሰብ ጋር መተባበር ናቸው።

የማዕቀፉ ጥንካሬ ተሳትፎን ከስብሰባና ከመዋጮ አስፍቶ ማሳየቱ ነው። ሆኖም ከአንድ አገር ወደ ሌላ ሲወሰድ ሁለት ጥንቃቄዎችን ይሻል። የመጀመሪያውን አኔት ላሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የቤተሰብ ጥናት ግልጽ አድርገውታል። ትምህርት ቤት «ጥሩ ተሳትፎ» ብሎ የሚቀበለው የመካከለኛውን መደብ ወላጅ አነጋገርና አቀራረብ በመሆኑ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ወላጅ ዝምታ እንደ ግድየለሽነት ይቆጠራል። በአዲስ አበባም ከመምህር ፊት አንገቷን ደፍታ «እናንተ ታውቃላችሁ» የምትል እናት ለልጇ ግድ የላትም ማለት አይደለም። ንግግሯ አክብሮት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን «ወላጅ አይሳተፍም» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ «ማኅበረሰብ» የሚለውን ቃል ይመለከታል። ማዕቀፉ ማኅበረሰብን በስፍራው ያለ፣ ትምህርት ቤቱ እጁን ዘርግቶ የሚያገኘው ነገር አድርጎ ይወስደዋል። ነዋሪዎቹ ከየአቅጣጫው በመጡበት አዲስ መንደር ግን ማኅበረሰቡ ራሱ ገና በመፈጠር ላይ ያለ ሂደት ነው። ይህ ልዩነት በክፍል 5 በዝርዝር ይታያል።

3. ከአዳሪ ትምህርት ቤት ወደ ቀን ትምህርት ቤት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመንግሥት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 በአዲስ አበባ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው። በጣሊያን ወረራ ሥራው ተቋርጦ ከነጻነት በኋላ እንደገና ተከፍቷል። በአዳሪነት የተቀበላቸው ልጃገረዶች ከቤታቸው ርቀው፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እየበሉ፣ እያደሩና እያጠኑ ነበር የሚማሩት። ትምህርት ቤቱን በርእሰ መምህርነት ከመሩት መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይገኙበታል። እርሳቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው ምርጫ ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል።

አዳሪነት ለጊዜው ችግር የተገኘ መልስ ነበር። በዘመኑ ልጃገረድን ከትምህርት የሚያስቀሩት ያለዕድሜ ጋብቻ፣ የቤት ሥራና የመንገድ ሥጋት ሁሉም ከቤትና ከአካባቢ የሚመነጩ ነበሩ። ልጅቱን ከቤት ማውጣት እነዚህን በአንድ ጊዜ ያስወግዳል። ሰዓቷ የትምህርት ቤቱ ይሆናል፤ መንገዱ ይቀራል፤ አብረዋት የሚያድሩት ጓደኞቿና ተቆጣጣሪዎቿም ሌላ ቤት ይሆኑላታል። በአጭሩ፣ ትምህርት ቤቱ ከቤት ጋር አጋርነት በመመሥረት ፈንታ የቤትን ስፍራ ተካ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ ስሙ «የካቲት 12» ተብሎ ተለወጠ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የከተማው አስተዳደር ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ልጃገረዶች በአዳሪነት ተቀብሎ እንዲያስተምር በቀድሞ ስሙ ዳግም አደራጅቶታል። ይህ ዳግም መከፈት አዳሪነት ዛሬም ውጤታማ መንገድ እንደሆነ የሚታመን መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን አዳሪ ትምህርት ቤት ሊቀበል የሚችለው በጣት የሚቆጠሩ ልጃገረዶችን ነው። የቀሩት ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ከታሪኩ የሚወጣው ትምህርት ይህ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ ያሟላቸውን ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የጥናት ሰዓትን፣ ከመንገድ ሥጋት መጠበቅንና ችግርን የሚሰማ ሰውን፣ የቀን ትምህርት ቤት ብቻውን ሊያሟላቸው አይችልም። ሊያሟላቸው የሚችለው ከቤቱና ከሰፈሩ ጋር ሆኖ ብቻ ነው። በመሆኑም አጋርነት ለቀን ትምህርት ቤት ተጨማሪ መርሐ ግብር ሳይሆን፣ የአዳሪነት ምትክ ነው ማለት ይቻላል።

4. የፖሊሲው ማዕቀፍ ምን ይላል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ከአካባቢው ኅብረተሰብ ጋር ተሳስረው እንዲመሩ አቅጣጫ አስቀምጧል። ይህን ተከትሎ በ1994 ዓ.ም. የወጣውና በባለሙያዎች ዘንድ «ሰማያዊው መጽሐፍ» በመባል የሚታወቀው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ የወላጅ መምህር ኅብረትን ሥልጣንና ተግባር ዘርዝሯል። በኋላ ተማሪዎችም ተካተው አደረጃጀቱ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) ተብሏል። የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራምም የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከመማር ማስተማር፣ ከምቹ የትምህርት አካባቢና ከአመራር ጋር ከአራቱ ዐበይት ርእሰ ጉዳዮች አንዱ አድርጎታል።

በሰነድ ደረጃ ማዕቀፉ ጎደሎ አይደለም። ችግሩ ሰነዱ ወደ ተግባር ሲወርድ የሚታየው ጥበት ነው። ኅብረቱ የሚሰበሰበው በዓመቱ መጀመሪያ፣ ካርድ በሚሰጥበት ወቅትና ገንዘብ ማሰባሰብ ሲያስፈልግ ነው። አጀንዳውም የግቢ አጥር፣ የመማሪያ ክፍል ጥገና፣ የመዋጮ መጠንና የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት ይሆናል። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ሆኖም ስለ አንዲት የተወሰነች ተማሪ ውሎ የሚነግሩት ነገር የለም።

ሪፖርቱም የአጀንዳውን መልክ ይይዛል። ትምህርት ቤቱ ለወረዳው የሚያቀርበው ስንት ወላጅ እንደተገኘና ምን ያህል ብር እንደተሰበሰበ ነው። የሚለካው ነገር ደግሞ የሚሠራውን ነገር ይወስናል። አዳራሹ ከሞላ ተሳትፎው «ከፍተኛ» ይባላል፤ ከዚያ አዳራሽ የወጣችው እናት ልጇ ባለፈው ወር ስንት ቀን እንደቀረች ሳታውቅ ብትመለስም በሪፖርቱ ላይ የሚታይ ጉድለት የለም።

5. የካ አባዶ፦ በዕጣ የተሰባሰበ መንደር

የካ አባዶ በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከአያት ወዲያ የተሠራ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ነው። ቀድሞ በየካ ክፍለ ከተማ ሥር የነበረ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የተቋቋመው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ አካል ሆኗል። መንደሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ውጤት ነው። የዚህ ፕሮግራም አሠራር ለተያዘው ርእስ ቀጥተኛ ትርጉም ያላቸው አራት ገጽታዎች አሉት።

አንደኛ፣ ቤቱ የሚገኘው በዕጣ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ጎረቤቱን አይመርጥም። ከመርካቶ፣ ከካዛንቺስ፣ ከጉለሌ ወይም ከልደታ የመጡ ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ ላይ በር ለበር ይገናኛሉ። በቀድሞው ሰፈር የጎረቤት ልጅ ካልባሌ ቦታ ቆማ ስትታይ የሚጠይቅ፣ የሚገሥጽና ለእናቷ የሚናገር ትልቅ ሰው ነበር። በአዲሱ ብሎክ ይህን ለማድረግ አስቀድሞ ልጅቱ የማን እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል የሚሠራው ጎረቤት ጎረቤት ከሆነ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ከዕጣው 30 ከመቶው ለሴቶች የተመደበ ነበር። ይህ ድንጋጌ ብዙ ሴቶችን የቤት ባለቤት ያደረገ በጎ እርምጃ ነው። ለትምህርት ቤቱ ያለው አንድምታም ግልጽ ነው፦ እናት ብቻዋን የምታስተዳድራቸው ቤተሰቦች በእነዚህ መንደሮች ውስጥ ጉልህ ስፍራ እንዳላቸው መጠበቅ አለበት። እንዲህ ባለ ቤት «ወላጅ» የተባለችው እናት ለገቢ የምትሠራም፣ ቤት የምትመራም ያው አንዷ ናት። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ የሚጠራ ስብሰባ የቀን ገቢዋን ወይም የአሠሪዋን ፈቃድ ያስከፍላታል።

ሦስተኛ፣ ዕጣ የደረሳቸው ብዙዎች የባንኩን ክፍያ ለመሸፈን ቤታቸውን ያከራያሉ። በመንደሩ ውስጥ ባለቤትና ተከራይ ተቀላቅለው ይኖራሉ። ተከራይ ኪራይ ሲጨምርበት ይለቃል፤ ልጁም በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ሊቀይር ወይም ከሩቅ ሰፈር መመላለስ ሊጀምር ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 የሚያቋቁመው ማኅበር የባለቤቶች ነው። ትምህርት ቤቱ ከዚህ ማኅበር ጋር ብቻ ከተነጋገረ የተከራይ ልጆች ከእይታው ይወጣሉ።

አራተኛ፣ ቤቱ ራሱ ነው። ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ የሚደርሱት ቤቶች ለብዙ ቤተሰብ ጠባብ ናቸው። በስቱዲዮ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው፣ ቴሌቪዥን የሚታየው፣ እንግዳ የሚስተናገደውና የሚጠናው በአንድ ክፍል ነው። በ20/80 መርሐ ግብር የተሠሩት አብዛኞቹ ሕንፃዎች ሊፍት ስለሌላቸው፣ ውኃ በጠፋ ቀን ጀሪካኑ በደረጃ ይወጣል። ጀሪካኑን ብዙ ጊዜ የምትሸከመው ልጅቱ ናት።

እነዚህ አራት ገጽታዎች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ወተመህ የተመሠረተበት ታሳቢ በየካ አባዶ ለምን እንደሚላላ ግልጽ ይሆናል። ይህ ማለት ግን መንደሩ ማኅበራዊ ሕይወት የለውም ማለት አይደለም። ነዋሪው የለመደውን ይዞ መጥቷል። በየብሎኩ ዕድር ይቋቋማል፤ ለጋራ አገልግሎት የተሠሩት ቤቶች የልቅሶና የድግስ ስፍራ ይሆናሉ፤ ማኅበርና ዕቁብ ይጀመራል፤ ቡና ሲፈላ በሮች ይከፈታሉ። ባለቤትና ተከራይ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ዕድር የሚገናኙበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ለትምህርት ቤቱ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ በመንደሩ ውስጥ ቀድሞ የሚተሳሰረው በኀዘንና በደስታ እንጂ በትምህርት አይደለም። ትምህርት ቤቱ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋሙ በፊት የተጀመረውን መተሳሰር መፈለግ አለበት።

6. አጋርነት የሚፈተንባቸው ሦስት ጉዳዮች

6.1 ሰዓት

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሴቶች ክፍያ በሌለው የቤት ውስጥ ሥራና እንክብካቤ ላይ ከወንዶች የበለጠ ሰዓት እንደሚያጠፉ አሳይቷል። ይህ ልዩነት የሚጀምረው በልጅነት ነው። የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ስትመለስ የሚጠብቃት እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ፣ ታናናሾችን መያዝ ወይም እናት እስክትመለስ ቤቱን መጠበቅ ነው። ወንድሟ በዚያው ሰዓት ያጠናል፤ ባያጠና እንኳ ሰዓቱ የራሱ ነው።

መምህሩ የሚያየው ያልተሠራ የቤት ሥራና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያንቀላፋ ዓይን ነው። እናትየው የምታየው ደግሞ ታዛዥና ጎበዝ ልጅ ነው። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን የሌላውን አላዩም። በቤት ውስጥ የሚፈለገው ለውጥ ሁልጊዜ ትልቅ አይደለም። የቤት ሥራውን ከወንድሟ ጋር መከፋፈል፣ ከምሽቱ ውስጥ የማይነካ አንድ ሰዓት መለየት ወይም እሑድ ሊሠራ የሚችለውን ከሥራ ቀን ማንሣት ሊሆን ይችላል። ይህ ውሳኔ ግን የእናትና የአባት ነው። ትምህርት ቤቱ ሊያዝዘው አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው ወላጅ እንዲያስብበት የሚያስችለውን እውነት በጊዜው ማቅረብ ነው።

6.2 መንገድ

የምሥራቅ ምዕራብ ቀላል ባቡር መስመር በምሥራቅ በኩል የሚያበቃው አያት ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ በሚኒባስ፣ በአውቶቡስ ወይም በእግር ነው። በጠዋት ሰልፍና በማታ ግፊያ ውስጥ ልጃገረድ የምትከፍለው ዋጋ የታክሲ ሒሳብ ብቻ አይደለም። ለከፋ፣ ጉንተላና ክትትል የመንገዱ አካል ሲሆኑ፣ ብዙዎች ለቤተሰብ አይናገሩም። ምክንያቱም የንግግሩ ውጤት «ከዛሬ ጀምሮ አትሄጂም» ወይም «አንቺ ምን አድርገሽ ነው?» የሚል እንዳይሆን ይፈራሉ።

ማጠናከሪያ ትምህርትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ትምህርት ቤት ለሴት ተማሪዎች ከመደበኛው ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ሲያዘጋጅ ዓላማው በጎ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ልጅቱን በጨለማ የሚያስመልሳት ከሆነ ግን ወላጅ ይከለክላል። መዝገቡ «ፍላጎት አላሳየችም» ይላል። ሰዓቱ ከወላጆች ጋር ተመክሮበት ቢሆን፣ ወይም የአንድ ብሎክ ልጆች ተጠራርተው አብረው እንዲመለሱ ከዕድሩ ጋር ቢታቀድ፣ ያው ማጠናከሪያ ትምህርት ሌላ ውጤት ሊኖረው ይችል ነበር።

6.3 ድምፅ

ልጃገረድ በጉርምስና ዕድሜዋ የሚያጋጥሟት ብዙ ነገሮች በቤትም በክፍልም በግልጽ የማይነገሩ ናቸው። የወር አበባ ከእነዚህ አንዱ ነው። የንጽሕና መጠበቂያ ሲያጣ ወይም የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ውኃና በር ሳይኖረው ሲቀር ተማሪዋ ትቀራለች። ወላጅ ለመምህሩ «አሟት ነው» ይላል፤ መምህሩም ተቀብሎ ያልፋል። ሁለቱም በእፍረት ተስማምተው በዝምታ ይለያያሉ፤ የቀሩት ቀናት ግን ይደመራሉ። ጾታዊ ትንኮሳ፣ የጋብቻ ግፊትና የቤት ውስጥ ጠብም እንዲሁ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጓል፤ ሕጉ የሚደርስላት ግን ልጅቱ ወይም ስለ እርሷ የሚያውቅ ሰው ሲናገር ነው።

በዚህ ረገድ አጋርነት አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ያስከትላል። ችግሩ ከቤት የሚመነጭ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ለቤቱ መንገሩ ልጅቱን ሊጎዳት ይችላል። ስለዚህ አጋርነት ማለት ሁሉን ለወላጅ ማሳወቅ ማለት አይደለም። ልጅቱ ራሷ የአጋርነቱ ሦስተኛ ወገን ናት። ለማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚነገር የሚወስን ግልጽ ሥርዓትና የታመነች ሴት መምህርት ወይም አማካሪ በሌለበት፣ የቤትና የትምህርት ቤት መቀራረብ በልጅቱ ላይ የሚደረግ የሁለት ወገን ቁጥጥር ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

7. የትምህርት ቤቱ የውስጥ ማኅበራዊ ሕይወት

የአጋርነት ውይይት ብዙ ጊዜ ወላጅንና መምህርን ብቻ ያያል። የተማሪዎቹ የእርስ በርስ ሕይወት ግን የራሱ ጉልበት አለው። በልጃገረዶች ትምህርት ቤት የክፍል አለቃዋ፣ የክበብ ሰብሳቢዋ፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ዜና የምታነበውና ሚኒ ሚዲያውን የምትመራው ሁሉም ሴቶች ናቸው። ኃላፊነትን «ለወንዶቹ» የመተው ልማድ በዚያ ቦታ የለውም። ወንዶችና ሴቶች አብረው በሚማሩበት ትምህርት ቤትም የሥርዓተ ጾታ ክበብ በሚገባ ሲመራ ከዚህ ልምድ የሚቀራረብ ዕድል ሊሰጥ ይችላል።

ይህ የውስጥ ሕይወት ለወላጅ ክፍት ሲሆን ጥሪው ትርጉሙን ይለውጣል። ልጁ ግጥም ስታነብ፣ ተውኔት ስትጫወት ወይም የሠራችውን የሳይንስ ሥራ ስታስረዳ ለማየት የተጠራ አባት፣ ወደዚያው ግቢ ለቅጣት ከተጠራው አባት የተለየ ሰው ሆኖ ይገባል። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የዚህ ዓይነት ልምድ ነበረው፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተውኔት የሚጽፉ መምህርት ነበሩ፤ መድረኩም ልጃገረዶች በሰው ፊት ቆመው የሚናገሩበት ስፍራ ነበር። ለቀን ትምህርት ቤት ይህ ልምድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ወላጆች በመልካም አጋጣሚ ከተዋወቁ፣ አስቸጋሪው ጉዳይ በመጣ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች እንደ ባዕድ አይተያዩም።

8. አንድምታዎች

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በየካ አባዶና በመሰል መንደሮች ለሚሠሩ ትምህርት ቤቶች አራት ተግባራዊ አንድምታዎች ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ከጥሪው ይጀምራል። የክፍል ኃላፊ መምህሯ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት ለእያንዳንዷ ተማሪ ቤት፣ ምንም ጥፋት ሳይኖር፣ አንድ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ብትገናኝ «ከትምህርት ቤት ተደወለ» ማለት ክፉ ዜና መሆኑ ይቀራል። በዚህ የመጀመሪያ ንግግር ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ልጅቱ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ ስንት ሰዓት እንደምትደርስ፣ የት እንደምታጠናና ወላጅ የሚመቸው ሰዓት መቼ እንደሆነ።

ሁለተኛው የቦታና የሰዓት ጉዳይ ነው። ወላጅን ወደ ትምህርት ቤት ከመጥራት ባሻገር ትምህርት ቤቱ ወደ ብሎኩ ሊሄድ ይችላል። የዕድር ወርኃዊ ስብሰባ በተፈጥሮው ነዋሪው የማይቀርበት ነው፤ ቀሪ ይቀጣልና። የዕድሩ ዳኛ ቢፈቅዱ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ የሚሰጥ ሩብ ሰዓት ትምህርት ቤቱ በሥራ ቀን ጠርቶ የማያገኛቸውን ወላጆች፣ ተከራዮቹንም ጨምሮ፣ ያስገኛል። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ስፍራ የአንዲት ተማሪ ጉዳይ በስም ሊነሣ አይገባም፤ የጋራው ጉዳይ ብቻ ይነሣል።

ሦስተኛው የመገናኛውን አቅጣጫ ይመለከታል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ወዲህ ቴሌግራም በከተማው የተለመደ የትምህርት መገናኛ ሆኗል። ነገር ግን ማስታወቂያ ብቻ የሚለጠፍበት ቡድን ከማስታወቂያ ሰሌዳ አይለይም። ከዚህም ሌላ ስልኩ በአባት ወይም በታላቅ ወንድም እጅ ሊሆን ይችላል። ማንበብ ለሚቸግራት እናት ደግሞ አጭር የድምፅ መልእክት ከረጅም ጽሑፍ ይበልጣል።

አራተኛው መለኪያውን መለወጥ ነው። ከስብሰባ ተሳታፊ ቁጥር ጎን፣ ተማሪ መቅረት ከጀመረችበት ቀን አንስቶ ቤቱ እስከሚያውቅበት ቀን ያለው ጊዜ ቢመዘገብ አጋርነቱ የት እንዳለ በትክክል ይታያል። መለኪያው ቀላል ነው፤ መዝገቡም አስቀድሞ በመምህሯ እጅ አለ። ይህ ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ከሆነ አዳራሹ ቢሞላም አጋርነት የለም። በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ አዳራሹ ባዶ ቢሆንም አጋርነቱ አለ።

በእነዚህ አንድምታዎች ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ የመምህራን ጫና ነው። በርካታ ተማሪዎች ያሉባት የክፍል ኃላፊ መምህርት ያለ ተጨማሪ ሰዓትና ያለ ስልክ ወጪ ይህን ሁሉ እንድትፈጽም መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። ስለዚህ ተግባሩ በሳምንታዊ የሥራ ድልድሏ ውስጥ መግባት አለበት። አለዚያ እንደ ብዙ በጎ ሐሳብ በመምህሯ ደግነት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

9. መደምደሚያና ለቀጣይ ጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መሥራቾች ልጃገረድ እንድትማር ሰዓት፣ ደኅንነትና የሚሰማት ሰው እንደሚያስፈልጋት ተረድተው ሦስቱንም በአንድ ግቢ ውስጥ አሟሉ። ማታ ወደ ብሎኳ የምትመለሰው የየካ አባዶ ተማሪ የሚያስፈልጋት ከዚህ የተለየ አይደለም። የተለየው እነዚህን የማሟላቱ ኃላፊነት በቤት፣ በሰፈርና በትምህርት ቤት መካከል የተከፋፈለ መሆኑ ነው። የተከፋፈለ ኃላፊነት ደግሞ ባለድርሻዎቹ ካልተነጋገሩ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ለተመራቂ ተማሪዎች የጥናት ርእስ ሊሆኑ የሚችሉ ሦስት ጥያቄዎች ከዚህ ይነሣሉ። በጋራ መኖሪያ መንደሮች የተከራይ ቤተሰብ ልጆች የትምህርት ቀጣይነት ከባለቤት ቤተሰብ ልጆች ምን ያህል ይለያል? የብሎክ ዕድሮች ከኀዘንና ከደስታ ባሻገር ስለ ልጆች ጉዳይ የሚመክሩት በምን ሁኔታ ነው? ልጃገረዶቹ ራሳቸው ቤታቸው ስለ ትምህርታቸው፣ ትምህርት ቤታቸውም ስለ ቤታቸው ምን እንዲያውቅ ይፈልጋሉ፤ ምንስ እንዳያውቅ? የመጨረሻው ጥያቄ በወላጅ ተሳትፎ ጥናት ውስጥ እስካሁን ጥቂት ስፍራ ያገኘ ሲሆን፣ ለሌሎቹ ሁሉ መሠረት የሚሆነውም እርሱ ነው።